«ማን ነኝ?» ብሎ ለሚጠይቅ ክርስቲያን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በወሩ 23 ቀን አራዳ ጊዮርጊስ ቅጽር ውስጥ ማን ኃላፊ፣ ማን ተላላኪ እንደሆነ መለየት ይከብዳል፤ ሁሉም ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል። ወደ ፒያሳ ሲወጡ ግን አንዱ ኢንጂነር፣ ሌላው ሥራ ፈላጊ ይሆናል። የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ነው፦ ማንነትን ከሥራና ከማዕረግ መጀመር። ደብዳቤ የሰጠውን ስም ሌላ ደብዳቤ ይወስደዋል።

በኦርቶዶክሱ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ወልደ ሥላሴ፣ ወለተ ማርያም የሚል ስም ይሰጣቸዋል። የ40 ቀን ሕፃን ከመጥባትና ከማልቀስ በቀር ምን ሠራ? ስሙ ከሥራው ቀደመ፤ ጸጋም እንዲሁ ነው። (ብዙዎቻችን ያንን ስም የምናስታውሰው ካህኑ ሲጠይቁን ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።)

ሁለተኛው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ኤፌሶን 2፥8-10ን ሳይቆርጡ ያንብቡ፦ መዳን በጸጋ ነው፣ ከሥራ አይደለም፤ ቁጥር 10 ላይ ደግሞ ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። ቁጥር 10ን የዘለለ ጸጋን ለስንፍና ሰበብ ያደርጋል፤ ከቁጥር 10 የጀመረ ደግሞ ጸጋን እንደ ደመወዝ ይጠብቃል። ሉቃስ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ቀን ይጾማል፣ አሥራት ያወጣል፤ ጸሎቱንም የጀመረው በምስጋና ነው። አልዋሸም። ያበላሸው መለኪያው ነው፤ ራሱን የለካው በሩቅ በቆመው ቀራጭ ነበር። እኛም ረቡዕና ዓርብ መጾማችን መልካም ነው፤ ዓርብ ክትፎ ያዘዘውን ጓደኛ በጎን እያየን ራሳችንን ማመስገን ስንጀምር ግን ጾሙ የእኛ መታወቂያ ሆኗል። በዚያች ቅጽበት 1ኛ ቆሮንቶስ 4፥7ን ራስዎን ይጠይቁ፦ ያልተቀበልኸው ምን አለህ?

በጣም የሚያሳስተው ሦስተኛው ነው፤ ራስን ማዋረድን ትሕትና ማለት። «ኧረ እኔ ማን ነኝና!» የሚል ሰው ሌላው «እውነትህን ነው፣ ማን ነህ?» ቢለው ከተቆጣ፣ ቃሉ ምስጋና መለመኛ ነበር ማለት ነው። ዮሐንስ 13ን ቀስ ብለው ያንብቡ። ክርስቶስ ከእግዚአብሔር እንደ ወጣና ወደ እግዚአብሔርም እንደሚሄድ አውቆ ተነሣ፤ ልብሱን አኖረ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጠቀ፣ በመታጠቢያው ውኃ ጨምሮ እግር ያጥብ ጀመር። ማንነቱን ማወቁ ቀደመ፣ ጎንበስ ማለቱ ተከተለ። ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ጎንበስ ሲል ያነሰ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ወይ አይጎነበስም፣ ወይ ሲጎነበስ ሰው እንዲያይለት ይፈልጋል። በተግባር ሲመሰገኑ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጠቀመዎት ደስ ይለኛል» ብለው ወሬውን ይቀይሩ። መከራከርም ማብራራትም አያስፈልግም።

አራተኛው፣ ኃጢአትን ስም አድርጎ መያዝ፦ «እኔ መቼም ሰካራም ነኝ።» የጠፋው ልጅ ንግግሩን መንገድ ላይ አዘጋጅቶ ነበር፤ መጨረሻው «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚል ነው (ሉቃስ 15፥19)። ቤት ሲደርስ ግን ቁጥር 21 ላይ ያቺ ዐረፍተ ነገር የለችም፤ አባቱ ከሁሉ የተሻለውን ልብስ አምጡ እያለ ነው። በደሉን ተናገረ፤ የቅጥረኛነት ማመልከቻውን ግን የተቀበለው የለም። እርስዎም ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሚያምኑት ሽማግሌ ሲናገሩ «ይህን አደረግሁ» ይበሉ እንጂ «እንዲህ ነኝ» አይበሉ።

«እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ» ማለትም (1ኛ ቆሮንቶስ 1፥12) ያው ስህተት ነው፤ አጥቢያን ወይም ሰባኪን ማንነት ማድረግ።

የመጨረሻው የሚታየው ይቅርታ ሲጠየቅ ነው። «ይቅርታ፣ ግን አንተም…» ከተባለ ከ«ግን» በኋላ ያለው ሁሉ ራስን መከላከል ነው። ጥፋቱን በስሙ ይጥሩ፣ ይቅርታ ይበሉ፣ እዚያው ላይ ያቁሙ።