የድሮ ቶዮታ ሴሊካ መኪና ሰዓት ሲያስቸግር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሁለት ወር ያህል የመኪናዬ ሰዓት መበላሸቱን አላወቅሁም ነበር። ከቤት የምወጣው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሞተር አስነሥቼ ዳሽቦርዱን ሳይ 1:00 ይላል፤ ጎሽ ብዬ ወደ ዓባይ ማዶ እነዳለሁ። አንድ እሑድ ዘጌ ልሄድ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፍ ባዞር አሁንም 1:00። ለካ ሰዓቱ በየጠዋቱ ሲሞት በየጠዋቱ ሲወለድ ኖሯል! እንደ እኔዋ ያለ የድሮ ቶዮታ ሰዓት ኤሌክትሪክ ተቋርጦበት ሲመለስ ቆጠራውን የሚጀምረው ከ1:00 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ እኔ ከቤት ከምወጣበት ሰዓት ጋር ገጠመ። በፈረንጅ ሰዓት የሚኖር ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ይነቃበት ነበር።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ሴሊካ ናት። ዘመዶቿ እ.ኤ.አ. በ1990 የኬንያውን የመኪና ውድድር፣ የሳፋሪ ራሊን፣ አሸንፈዋል፤ ስፔናዊውን ነጂ ካርሎስ ሳይንዝንም በዚያው ዓመትና በ1992 የዓለም ራሊ ሻምፒዮን አድርገዋል። የእኔዋ የሞተር ጉልበት የሚጨምረው ተርቦ የላትም፤ ከጢስ ዓባይ ፒስታ መንገድ ስትመለስ ያልላላ ብሎን አይገኝባትም። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራኋቸው ራሴ ነኝ።

መቼ እንደሚጠፋ ሳይጠይቁ መፍታት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹ የእሱ ልጆች ናቸው። «ሰዓቱ ተበላሽቷል» ማለት ምንም ማለት አይደለም። እየሠራ ወደ 1:00 የሚመለስ ሰዓት፣ ቁጥሩ የሚጠፋ ሰዓትና ወደኋላ የሚቀር ሰዓት ሦስት የተለያዩ በሽተኞች ናቸው።

ወደ 1:00 የሚመለስ ከሆነ ሰዓቱን አይንኩት፤ ኮፈኑን ይክፈቱ። ሞተር ሲነሣ ሞተሪኖው ብዙ ኮረንቲ ስለሚስብ የባትሪው ቮልት ለቅጽበት ይወርዳል። ባትሪው ከደከመ ወይም ማሰሪያው ከላላ ሰዓቱ ያቺን ቅጽበት መሻገር ያቅተውና የያዘውን ይረሳል። ቮልት የሚለካ ቴስተር ባትሪው ላይ አድርገው ሌላ ሰው እንዲያስነሣ ያድርጉ። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ችግሩን አገኙት። የእኔ ማሰሪያ ነጭና አረንጓዴ ዝገት አብቅሎ ነበር። መጀመሪያ ነጌቲቩን ፈትቼ፣ በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጥቤ፣ አጥብቄ አሰርኩት። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰዓቱ 1:02 አለ፤ በሁለቷ ደቂቃ የተደሰትኩትን መደሰት አልረሳውም።

ፓውዛ በርቶ እንደሆነ አለማየት

አጭር ነገር ናት፤ ግን ስንቱን ጋራዥ ወስዳለች። በእነዚህ መኪኖች መብራት ሲበራ ሰዓቱ ሌሊት ዓይን እንዳይወጋ ብሎ ራሱን ያደበዝዛል። በክረምት ዝናብ ያበሩትን ፓውዛ ሳያጠፉ ፀሐይ ከወጣች ቁጥሩ የጠፋ ይመስላል። መብራቱን ያጥፉና እንደገና ይዩት።

ፊውዙን በዓይን አይቶ ማለፍ

ሰዓቱ የሚመገበው ከአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። አንደኛው ሽቦ ቁልፍ ቢነቀልም የማይቋረጥ ነው፤ ሰዓቱ ቆጠራውን የሚይዘው በእሱ ነው። ሁለተኛው ሬዲዮ የሚበራበት ቦታ ላይ ቁልፉ ሲደርስ የሚመጣ ነው፤ ቁጥሩ እንዲበራ የሚያዘው እሱ ነው። ሦስተኛው ከመብራቱ ጋር የሚያደበዝዘው፣ አራተኛው ደግሞ ነጌቲቩ ነው። ስለዚህ «አንድ ፊውዝ አየሁ፣ ደህና ነው» አይሠራም። በብዙ ቶዮታዎች የመጀመሪያው ሽቦ የውስጥ መብራቱን ከሚጠብቀው፣ «ዶም» ከሚለው ፊውዝ ነው የሚመጣው። የጣሪያው መብራት አብሮ ከጠፋና ሬዲዮው የመረጡለትን ጣቢያ ማስታወስ ካቆመ እዚያ ይሂዱ። ፊውዙን ነቅለው በቴስተር ይለኩት፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ዓይን ያታልላል። በሲጋራ ወረቀት ብር ጠቅልሎ መመለስ ደግሞ መኪና ማቃጠል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ መቋጠር

የሰዓቱ ቁጥር ከጊዜ በኋላ መጥፋት ሲጀምር አንድ ኤሌትራውቶ ዘንድ ወሰድኩት። ቁልፉ የሚያመጣውን ሽቦ ቆርጦ ከማይቋረጠው ጋር ቋጠረልኝ። በራ! አመስግኜ ከፍዬ ሄድኩ። ሰዓቱ ቁልፍ ተነቅሎም ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራ አድሮ፣ መኪናዋን ለሦስት ቀን ሳላስነሣት ብቆይ ያን የደከመ ባትሪ ጠጣው። በሦስተኛው ቀን የሰፈር ልጆች ገፍተው አስነሡልኝ። ቁጥሩም ቀትር ላይ እንደ ልማዱ ጠፋ።

ሌላ ያገለገለ ሰዓት ማስመጣት

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለሚያውቀኝ ልጅ ደወልኩ፤ ከሌላ መኪና የወጣ ሰዓት በአውቶቡስ ላከልኝ። አንድ ወር ሠራ። ከዚያ እሱም ሞቅ ሲል መጥፋት ጀመረ። የገዛሁት ሌላ ሰዓት ሳይሆን ያንኑ በሽታ ነበር፤ ፋብሪካው አንድ፣ ዕድሜው አንድ፣ ድክመቱ አንድ። ያገለገለ በር ወይም ፍሬቻ መግዛት ብልህነት ነው፤ ያገለገለ ሰዓት ግን ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ያስከፍቱ።

ዳሽቦርዱን በካቻቪቴ መፈልቀቅ

ሠላሳ ዓመት ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ እንደ ደረቅ እንጀራ ነው፤ ጎንበስ ሲያደርጉት ይሰበራል። በጠዋቱ ብርድ አይፍቱት፤ ፀሐይ ላይ ትንሽ ይለስልስ። የተደበቀ ብሎን መኖሩን ይፈልጉ፤ የማይወጣ ነገር ብሎን አለው። ብረት ካቻቪቴ ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቅልሉ። ከዚያ በፊት ግን የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትተው ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይጠብቁ፤ ኤርባግ ያላት ከሆነች ቢጫ ሶኬት አይነካም።

እየመቱ መኖር

ሲመታ ይበራል፤ ስለዚህ እንመታዋለን። መምታት መድኃኒት ሳይሆን ምርመራ ነው፤ ውስጡ የለቀቀ ነገር እንዳለ ይነግርዎታል። አንዴ ከነገረዎ ይበቃል።

በትልቅ ካውያ መበየድ

በመጨረሻ የወሰድኩት መኪና የማይነካ ሰው ዘንድ ነው፤ ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት።

«መቼ ነው የሚጠፋው ልጄ?» አሉኝ ገና ሳይነኩት።

«ሲሞቅ ነው ጋሼ። ጠዋት ደህና ነው።»

«እንግዲያማ አልሞተም። ብየዳው ለቆ ነው።»

ክዳኑን ከፍተው ቦርዱን ገለበጡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በማጉያ አዩት። በስቴኪኒ አንዱን ሬዚስተር ነካ ሲያደርጉት እግሩ ሊነቀል እንደ ደረሰ የልጅ ጥርስ ተነቃነቀ። በእግሩ ዙሪያ ብየዳው ላይ ቀለበት የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የመኪናውን ቮልት ለሰዓቱ የሚቀንሱት እነዚህ ሬዚስተሮች ሥራቸው መሞቅ ነው። በሞቁና በቀዘቀዙ ቁጥር ብረቱ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፤ ከዓመታት በኋላ ብየዳው ዙሪያውን ይሰነጠቃል። የጢስ ዓባይ መንገድ ንዝረትና ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ሙቀት ተጨምሮበት፣ እስከዛሬ መቆየቱም ደግ ነው።

እኔ ብሆን በዚያው አዲስ ሊድ እደርብበት ነበር። እሳቸው መጀመሪያ አሮጌውን አቅልጠው መጠጡት፣ የሬዚስተሩን እግር ፋቅ ፋቅ አድርገው አጸዱ፣ ሊዱ እንዲይዝ የሚያግዝ ትንሽ የብየዳ ፓስታ ቀቡ፣ ከዚያ በቀጭኗ 30 ዋት ካውያ ለሁለት ለሦስት ሴኮንድ ያህል ነክተው አነሡ። ብየዳው ደብዛዛ ሳይሆን የሚያበራ ጠብታ ሆነ። ስለ ትልቁ ካውያ ስጠይቃቸው ጥግ ላይ የተጣለ አንድ ቦርድ አሳዩኝ፤ የመዳቡ መስመር ከመሠረቱ ተልጦ ተጠምዝዟል። ለራዲያተር የሚሆን ካውያ ለዚህ አይሆንም። ያልለቀቁ የሚመስሉትንም ጎረቤት ነጥቦች አብረው በየዱ፤ «ሌላ ጊዜ ለመፍታት ካልፈለግህ» ብለው።

ሰዓቱ ወደኋላ የሚቀር ከሆነ ግን ብየዳ አይፈውሰውም። ዲጂታል ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ቆጠራውን የሚመራው ክሪስታል፣ ኳርትዙ ነው። ቀስት ያለው የቆየ ሰዓት ከሆነ ደግሞ የደረቀ ዘይቱ ስለሚሆን የእጅ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ይሂዱ።

ሳይፈትኑ መዝጋት

ጠረጴዛ ላይ መሥራቱ አይበቃም፤ የሚጠፋው ሲሞቅ ከሆነ በሙቀት ይፈተን። ሰዓቱን በሽቦው አንጠልጥዬ፣ ዳሽቦርዱን ክፍት ትቼ፣ በአካባቢ ሰዓት ስድስት ሞልቼ ሐይቁ ዳር ጥላ የሌለበት ቦታ አቆምኩ። መስኮቶቹን ዘጋሁ፣ ቁልፉን ሬዲዮ ላይ አድርጌ ወርጄ ታንኳዎቹን ሳይ ቆየሁ። ስመለስ መሪው አይጨበጥም። ቁጥሩ 7:11 ይላል፤ ስልኬም እንደዚያው። ብሎኖቹን ያሰርኩት ያን ጊዜ ነው።