ልዩ ፍላጎት ያለውን ልጅ ወደ ሜዳ ማውጣት፦ ከጎጃም አሜሪካ ለገቡ ወላጆች

ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ ወይም ከዳንግላ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ይዛችሁ አሜሪካ ስትገቡ ሐኪሙና ትምህርት ቤቱ ቶሎ ይገኛሉ። የሚዘገየው ጨዋታው ነው። «መጀመሪያ ቋንቋውን ይልመድ» እየተባለ ዓመት ያልፋል፤ አገር ቤት ከጎረቤት ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ ሲሯሯጥ ይውል የነበረ ልጅ እዚህ ስልክ ታቅፎ ሶፋ ላይ ይቀራል። ኳስ ለማቀበል እንግሊዝኛ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ስፖርቱን ከትምህርት ቤት ምዝገባው ጋር አብራችሁ ጀምሩት።

ገና ከአገር ያልወጣችሁ ካላችሁ፣ ልጁ የታከመበት ሆስፒታል፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ የሕክምና ማጠቃለያውን በእንግሊዝኛ አጽፉ። የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የሚጥል በሽታ ካለበት ለመጨረሻ ጊዜ የጣለው መቼ እንደሆነ ይካተት። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ስለሚወለዱ የልብ አልትራሳውንድ ውጤት ካለ እንዳይረሳ። የስፖርት ፎርም ላይ የሚፈርመው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው።

የልደት ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ስሕተት ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2008 የተወለደ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 16 ቀን 2015 ነው የተወለደው። 2008 ተብሎ ከገባ በወረቀት ላይ ሰባት ዓመት ስለሚያረጅ ከጎረምሶች ጋር ይመደባል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቀን ብቻ ተጠቀሙ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ስንመጣ፣ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ። አይዲኢኤ የሚባለው የልዩ ትምህርት ሕግ (መነሻው በእነሱ አቆጣጠር የ1975ቱ ሕግ ነው) የሰውነት ማጎልመሻን በስም ጠቅሶ የልዩ ትምህርት አካል ያደርገዋል። ልጁ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ከሆነ ወረቀት አስገቡ፤ በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ «ልጄ በልዩ ትምህርት፣ የተመቻቸ የሰውነት ማጎልመሻንም ጨምሮ፣ እንዲገመገም እጠይቃለሁ። ለስብሰባው የአማርኛ አስተርጓሚ ይመደብልኝ።» ቀን ጽፋችሁ አንድ ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቅር። ግምገማውን ከተስማማችሁ በኋላ፣ ክፍለ ግዛቱ የራሱ ገደብ ከሌለው፣ በ60 ቀን ውስጥ መጨረስ አለባቸው። አስተርጓሚው በነጻ ነው፤ ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጉ።

አይ ኢ ፒ በሚባለው የግል ዕቅድ ላይ «የኳስ ችሎታው ይሻሻላል» የሚል ግብ ካያችሁ አትፈርሙ፤ ማንም ሊለካው አይችልም። «ከ3 ሜትር የተወረወረለትን ኳስ ከ5 ጊዜ 4ቱን በሁለት እጁ ይይዛል» ተብሎ ይጻፍ።

ከትምህርት ሰዓት ውጭ ላሉ የትምህርት ቤቱ ቡድኖች፣ በአካል ጉዳት ሰበብ መድልዎን የሚከለክለው የ1973ቱ ሕግ አንቀጽ 504 እኩል ዕድል ይሰጣል። መስማት የተሳነው ሯጭ ከመነሻው ተኩስ ጋር የብርሃን ምልክት እንዲበራለት መጠየቅ ይችላል። በችሎታ ተመርጦ በሚገባበት ቡድን ውስጥ ግን የግድ ይገባል ማለት አይደለም።

የከተማው ወይም የካውንቲው ፓርክስ ኤንድ ሪክሪዬሽን (የፓርክና የመዝናኛ ክፍል) ዋና፣ ጂምናስቲክና ትምህርት ሲዘጋ በእነሱ በጋ የሚካሄድ ካምፕ አለው። ለካምፑ ምዝገባው ብዙ ቦታ ብርዱ ሳይወጣ ይከፈታል፤ ትምህርት ሲዘጋ የመጣ ወላጅ ባዶ እጁን ይመለሳል። ልጁ ረዳት የሚያስፈልገው ከሆነ ስትመዘግቡ ተናገሩ፤ በድጋፉ ሰበብ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ አይፈቀድም። ፎርሙ ላይ ችግሩን አትደብቁ። የሰው ዓይን ፈርቶ፣ ሐሜት ፈርቶ «ደህና ነው» ብሎ የሚጽፍ ወላጅ አለ፤ በር ሲከፈት ሮጦ የሚወጣ ልጅ እንደሆነ ሠራተኛው ካላወቀ ግን ማን ይጠብቀዋል? «ፊሽካ ሲነፋ ጆሮውን ይዞ ይቀመጣል፤ 5 ደቂቃ ጸጥ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይመለሳል» ብሎ መጻፍ ከምርመራው ስም በላይ ይጠቅማል።

በ1968 ቺካጎ ላይ የተጀመረው ስፔሻል ኦሊምፒክስ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ነው። ከተወዳዳሪው ገንዘብ አይጠይቅም። ውድድሩ ከ8 ዓመት ይጀምራል፤ ከ2 እስከ 7 ዓመት ላሉት የሕፃናት ፕሮግራም አለ፤ የዕድሜ ጣሪያ የለውም። ችግሩ እግር ወይም እጅ ላይ ብቻ ከሆነ ግን እዚያ አይመዘገብም፤ የዊልቸር ስፖርት ወይም ለአካል ጉዳተኛ ልጆች የተዘጋጀውን የሊትል ሊግ ቻሌንጀር ቤዝቦል ፈልጉለት።

ደጋ ላደገ ልጅ ውኃ አዲስ ነገር ነው፤ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ደግሞ ውኃ ይስባቸዋል። በአየር የሚነፋ የክንድ ፊኛ ሕይወት አያድንም፤ የኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ) ማረጋገጫ የታተመበት ላይፍ ጃኬት ግዙ። የሚጥል በሽታ ካለበት ዋና ጠባቂው ይወቅ፣ አንድ አዋቂም እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት ይሁን። ጾምም ሆነ ጸበል ተብሎ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ።

ማተብ ያለው ልጅ ማተቡን መበጠስ የለበትም። ወፍራሙን ገመድ ግን ሲያዝ በቀላሉ በሚበጠስ ስስ ክር ቀይሩት፤ ዥዋዥዌ ላይ ከተያዘ አንገት ያንቃል። ለአሰልጣኙም አስቀድማችሁ ንገሩ። መክሰስ ስትልኩ ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ አይሁን፤ አለርጂ ስላለ ብዙ ቦታ ይከለክላሉ፣ የመዋጥ ችግር ላለበት ልጅ ደግሞ ማንኛውም ቆሎ አደገኛ ነው። ቤት ውስጥ እስክስታ ይበቃል፤ ዊልቸር ላይ ለተቀመጠ ልጅ ከጎጃም ትከሻ የተሻለ ማሟሟቂያ አናውቅም።

መኪና ከሌላችሁ የከተማውን አውቶቡስ ድርጅት ፓራትራንዚት የሚባለውን የአካል ጉዳተኞች መጓጓዣ ጠይቁ። ልጁ በጉዳቱ ምክንያት በመደበኛው አውቶቡስ መሄድ ካልቻለ፣ ከአውቶቡሱ መስመር 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያደርሱታል፤ ዋጋው ከመደበኛው እጥፍ አይበልጥም። ማመልከቻው ተሟልቶ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጡ፣ ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ አገልግሎቱን መስጠት ግዴታቸው ነው።