የጀልባው ሸራ አልያዝ ሲል፦ የትናንሽ ማያያዣዎች ችግርና መፍትሄ

የቆመ ጀልባዬን የምሸፍንበትን ሸራ ከጀልባው ገላ ጋር ከሚያያይዙት ቁልፎች አንዷን፣ ጥግ ላይ ያለችውን፣ ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ተነቅላ ጠፋች። አራተኛዋን ልገጥም ስል ነው ቆም ብዬ ሸራውን በደንብ ያየሁት። ከቁልፏ በላይ ያለው ክፍል ረግቧል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው እዚያ ይቋጠራል። ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር የሆነ፣ 5 ሴንቲ ሜትር የጠለቀ ኩሬ 50 ሊትር ይይዛል። 50 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ክብደት የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቁልፍ እንድትችለው እጠብቅ ነበር።

መፍትሄው ከሸራው ስር ያቆምኩት አንድ ምሰሶ ሆነ። ጫፉ ሸራውን እንዳይበሳ ሰፋ ያለ ክብ እንጨት አደረግሁለት። ውሃው ወደ ጎን መፍሰስ ጀመረ፤ ቁልፏም ባለችበት ቆየች። ከዚያ ወዲህ ማያያዣ በተነቀለ ቁጥር ዕቃ ፍለጋ ከመውጣቴ በፊት የነቀለውን ነገር እፈልጋለሁ።

ለዚህ የሚረዳችሁ ራሱ የተነቀለው ቁራጭ ነውና አትጣሉት። የጨርቅ ክር ተንጠልጥሎበት ከሆነ የተሸነፈው ሸራው ነው። ብሎኑ ከነቁልፉ ከወጣ ችግሩ ያለው ጀልባው ላይ ባለው ቀዳዳ ነው። ሸራውም ቀዳዳውም ደህና ሆነው ቁልፉ ብቻ ከለቀቀ ያረጀው ቁልፉ ነው።

ቁልፉ ጠቅ ብሎ ይገባል፣ ትንሽ ንፋስ ሲመጣ ይለቃል

ጠቅ የሚለው ቁልፍ ወንዴና ሴቴ አለው። ወንዴው በብሎን ጀልባው ላይ ይታሰራል። ሴቴው ሸራው ላይ ነው፤ ውስጡ ወንዴውን አንገቱ ላይ ጨብጦ የሚይዝ ስፕሪንግ አለ። ጨው፣ አሸዋና አቧራ እዚያ ስፕሪንግ ውስጥ ሲገባ መጨበጡን ያቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ በንጹህ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። አረንጓዴ ዝገት ካለበት ኮምጣጤ ነክራችሁ እሹት፣ ከዚያ በውሃ አለቅልቁት። ሲደርቅ የሻማ ሰም ወንዴው ላይ ቀባ አድርጉ። ዘይት ግን ይቅርባችሁ፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ሸራውንም ያቆሽሻል።

ከታጠበ በኋላም ካልያዘ ጥፋተኛውን ለዩ። ያልያዘውን ሴቴ ደህና በሆነ ጎረቤት ወንዴ ላይ ሞክሩት። እዚያ ከያዘ የሚቀየረው ወንዴው ነው፤ አንገቱ ተበልቷል ወይም ተጣሟል። እዚያም ካልያዘ ሴቴው አልቋል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳይሞክረው ሁለቱንም ይቀይራል።

የቁልፉን ክዳን በጣታችሁ ስታዞሩት የሚዞር ከሆነ ደግሞ ሲገጠም አልጠበቀም ማለት ነው። ከክዳኑ የሚወጣው ቱቦ ሸራውን በስቶ አልፎ ከወዲያ በኩል እኩል መከፈት አለበት። ሸራው አራት ድርብ ሆኖ ቱቦው አጭር ከሆነ የሚከፈትበት ትርፍ አያገኝም። ሸራው ስስ ሆኖ ቱቦው ከረዘመ ደግሞ በመዶሻው ወደ አንድ ጎን ይተኛል። ቱቦው ከድርቡ ውፍረት ጋር የሚሄደውን ምረጡ።

አከፋፈቱም ልማድ ይጠይቃል። ሸራውን ከሩቅ ይዞ መጎተት ክዳኑን ከጨርቁ ይነቅለዋል። ጣታችሁን ከቁልፉ አጠገብ ስር አስገብታችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከአንድ ጎን ብቻ የሚከፈት የቁልፍ ዓይነትም አለ። የሚነሳበትን ጎን ክዳኑ ላይ ያለች ትንሽ ነጥብ ታሳያለች። እሷን ሳያዩ በሌላ በኩል መታገል ቁልፉንም ሸራውንም ይጎዳል።

ሸራው ቁልፉ ጋ አልደርስ አለ

ሸራ ይሰበሰባል። ፕላስቲክነት ያለው ሸራ በብርድ ይደርቃል፣ ያጥራልም። የአክሪሊክ ሸራ በሙቅ ውሃ ከታጠበ ወይም በሙቀት ከደረቀ ወደ ልኩ ላይመለስ ይችላል። ፀሐያማ ቀን ጠብቁ፣ ሸራውን ዘርግታችሁ ትንሽ ይሙቅ። ከፊት ጥጎች ጀምሩ፣ ወደ ኋላ ሂዱ፣ መሃል ያሉትን መጨረሻ ላይ ዝጉ።

እንደዚያም ሆኖ ሁለት ጣት ያህል ካጠረ ጀልባውን አዲስ ቦታ ላይ ለመብሳት አትቸኩሉ። መቀጠያ ሥሩለት። 2.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጠንካራ የፖሊስተር ማሰሪያ ቁረጡ፣ ጫፎቹን በእሳት ለብለብ አድርጓቸው እንዳይተረተሩ። በአንዱ ጫፍ ሴቴ፣ በሌላው ወንዴ ግጠሙ። ሴቴው ጀልባው ላይ ይያዛል፣ የሸራው ቁልፍ ደግሞ መቀጠያው ላይ ካለው ወንዴ ጋር። በዚህ መንገድ ጀልባው ላይ አንድም አዲስ ቀዳዳ አይበሳም።

ብሎኑ ከጀልባው ገላ ወጣ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ውሃ ወደ ጀልባው የሚገባው በእነዚህ ትናንሽ ቀዳዳዎች ነው።

ገላው ፋይበር ግላስ ከሆነና ቀዳዳው ከላላ ፈጣኑ መንገድ አንድ ቁጥር ወፈር ያለ ብሎን ነው። ይህን የምታደርጉት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀጣዩን መወፈሪያ ቁልፉ ራሱ አይቀበለውም። ዘላቂው መንገድ ቀዳዳውን በአሴቶን አጽድቶ፣ አድርቆ፣ ማወፈሪያ ዱቄት በተቀላቀለበት ኢፖክሲ (ከሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) መድፈን ነው። በደንብ ሲጠነክር እንደገና ትበሱታላችሁ። የክብሪት እንጨትና ሙጫ መጠቅጠቅ ቤት ውስጥ ይሠራ ይሆናል። ውጭ ያለ እንጨት ግን ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይበሰብሳል።

ስትበሱ የላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን እንዳይሰነጠቅ መሰርሰሪያውን መጀመሪያ በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሩት። ፑንታው ሽፋኑን ፍቆ ቦታ ሲይዝ ወደ ፊት መልሱት። የፑንታው ውፍረት ከብሎኑ ጥርሶች መሃል ካለው ግንድ ጋር እኩል ይሁን። የቀዳዳውን አፍ በሰፊ ፑንታ ትንሽ ገለጥ አድርጉት። የብሎኑ ጥርስ ሽፋኑን ወደ ላይ ገፍቶ የኮከብ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ የሚያወጣው ይህ ሲረሳ ነው።

ፑንታው ላይ እርጥብ፣ ቡናማ የእንጨት ብናኝ ከወጣ ነገሩ ከቁልፍ በላይ ነው። በአንዳንድ ጀልባዎች በሁለት የፋይበር ግላስ ንጣፎች መሃል ቀላል እንጨት አለ፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ጉዳቱ በቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ከሆነ አስፍታችሁ ብሱት፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ በኢፖክሲ ድፈኑት፣ ከዚያ መሃሉን በትክክለኛው ልክ ብሱ። ብሎኑ ከዚያ በኋላ የሚነክሰው ኢፖክሲ ብቻ ስለሆነ ውሃው ወደ እንጨቱ መንገድ አያገኝም። ሰፋ ያለ ቦታ ከረጠበ ግን ለባለሙያ አሳዩት።

ውሃ የማያሳልፍ ማሸጊያ ሳትቀቡ ብሎን አታስገቡ። የፖሊዩሬቴን ወይም የፖሊሰልፋይድ ማሸጊያ ይሁን። ሲሊኮንን እዚህ ቦታ አልወደውም። ቅሪቱ ተፍቆ አያልቅም፣ ወደፊትም ቀለሙም ኢፖክሲውም እዚያ ላይ አልይዝ ይላል። ከውስጥ በኩል እጅ የሚደርስበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ገላውን ከሚነክስ ብሎን ይልቅ ወዲያ አልፎ በሮንዴላና በዳዶ የሚታሰረውን ምረጡ።

ጀልባው አሉሚኒየም ከሆነ ሌላም ነገር ጠርጥሩ። በብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካያችሁ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነው። ስቴንለስ ስቲልና አሉሚኒየም ተነካክተው ጨዋማ ውሃ ሲያገኛቸው እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ከቁልፉ ስር የናይለን ሮንዴላ አድርጉ፣ ጥርሱንም በማሸጊያ ለውሱት። ሁለቱ ብረቶች ባይነካኩ ቀዳዳው ዕድሜ ያገኛል።

ገመድ የሚያልፍበት ቀለበት ከሸራው ተቦጨቀ

ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፤ ቀለበቱ ነጠላ ጨርቅ ላይ ተመቷል። አዲስ ቀለበት ከመምታታችሁ በፊት ከዚያው ዓይነት ጨርቅ ሁለት ሦስት ድርብ ደርባችሁ ስፉበት። ቀዳዳውን ከቀለበቱ አንገት ጠበብ አድርጉት፤ ጨርቁ ተወጥሮ ሲገባ ነው የሚያዘው። ጨርቁን የሚነክስ ሹል ጥርስ ያለው ቀለበት ከለስላሳው በጣም ይሻላል።

ስፌቱን ራሱንም እዩት። ክሩን በጥፍራችሁ ስትፍቁት የሚበጠስ ከሆነ ፀሐይ ጨርሶታል፤ ሸራው ደህና መስሎ ክሩ ቀድሞ ይሞታል። እንዲህ ከሆነ ቀለበት መቀየሩ ትርፍ የለውም። መጀመሪያ ሸራው እንደገና ይሰፋ።

ዕቃ በእጃችሁ ከሌለና ንፋሱ እየመጣ ከሆነ ብይ ፈልጉ። ለስላሳ ድቡልቡል ጠጠርም ይሆናል። ከሸራው ስር አድርጋችሁ ጨርቁን ጠቅልሉበት፣ አንገቱን በገመድ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ የተረፈውን ገመድ ወደ ጀልባው ሳቡት። ጉተታው በጨርቁ ላይ ስለሚከፋፈል ሸራው አይቀደድም፣ ቀዳዳም አያስፈልገውም። ለጊዜው ብዬ ያሰርኳቸው ብይዎች አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ሲይዙ አይቻለሁ። ከሁሉም መላ ይህን የምወደው ለዚህ ነው።

መንጠቆው ዛገ፣ ሸራው ላይም ቡናማ መስመር ወረደ

የሚያብረቀርቅ ሁሉ ስቴንለስ አይደለም። ማግኔት አስጠጉበት። አጥብቆ ከሳበው ተራ ብረት ላይ የተነከረ ኒኬል ወይም ዚንክ ሊሆን ይችላል፤ ሽፋኑ ሲጫር ይዝጋል። ጭራሽ ካልሳበው ወይም በጣም በትንሹ ከሳበው ስቴንለስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ናስንም ማግኔት አይስበውም፤ እሱን በቢጫ ቀለሙ ትለዩታላችሁ። ለጨዋማ ውሃ 316 የሚባለው ደረጃ ይመረጣል፣ ሞሊብዲነም ስላለበት ጨውን ይቋቋማል። ለሐይቅና ለወንዝ 304 ይበቃል።

መንጠቆ ከጠፋ ደግሞ ኩሽና ግቡ። ጀርባው ላይ 18/8 ወይም 18/10 የተጻፈበት ማንኪያ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 8 ወይም 10 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ከ304 ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። እጀታውን በብረት መጋዝ ቁረጡ፣ ሞርሳ ላይ አስራችሁ በወፍራም ዘንግ ዙሪያ በመዶሻ እጠፉት። ለብሎን ሁለት ቀዳዳ ብሱ። ስቴንለስ ሲበሳ መሰርሰሪያው ቀስ ይበል፣ እጃችሁ ጠንከር ይበል፣ ዘይትም ጠብ አድርጉ። በፍጥነት የሚዞር ፑንታ ብረቱን ያጠነክረዋል፣ ከዚያ በኋላ አልበሳም ይላል። ጠርዞቹን በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ስለቱ ያልጠፋ መንጠቆ ገመዱን ይቆርጠዋል።

በሦስት አቅጣጫ (3D) ማተሚያ ዕቃ የምታትሙም ፒኤልኤ የሚባለውን ፕላስቲክ ለዚህ ሥራ ተዉት። ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ቁራጭ ደግሞ እዚያ ይደርሳል። ኤኤስኤ የሚባለው ፀሐይ ይችላል።

ተመሳሳዩን ቁልፍ ማግኘት አልተቻለም

የጠፋውን በስም ሳይሆን በልክ ፈልጉ። ደህና የሆነ አንድ ቁልፍ ነቅላችሁ በካሊፐር የክዳኑን ስፋትና የወንዴውን ራስ ለኩ። የቁልፍ ልክ የሚነገረው ሊን በሚባል መለኪያ ነው፤ 40 ሊን አንድ ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ጀልባ ላይ የተለመደው 24 ሊን ነው፣ ክዳኑ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 20 ሊን ወደ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ግን አይገጥምም።

ብሎኑም እንዲሁ ያታልላል። በኢንች የተሠራው 10 ቁጥር 4.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሜትሪክ ኤም 5 ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር። ዳዶው አንድ ሁለት ዙር ገብቶ ከጠበቀ በካቻቢቴና በፒንሳ አትታገሉት። ጥርሱ ይበላል፣ ሁለቱም ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ።

ማሰሪያው ማታ ጥብቅ፣ ጠዋት ላላ

ማሰሪያው ናይለን ከሆነ ውሃ ሲጠጣ ይረዝማል። በፖሊስተር ቀይሩት። ፖሊስተር ሆኖም ከላላ ዘለበቱን እዩ፤ ተገልብጦ የገባ ማሰሪያ ለጊዜው ይይዛል፣ ሲነቃነቅ ግን እየተንሸራተተ ይወጣል። ትርፉን ጫፍ ዘለበቱ አጠገብ አንድ ጊዜ ቋጥሩት።

የንፋስ ነገር እንዳይቀል። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። የሚርገበገብ ሸራ የትኛውንም ቁልፍ ይነቅላል። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን በየሜትሩ ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አንጠልጥሉ። ንፋሱ ሲያነሳው አብረው ይነሳሉ፣ ሲተወው መልሰው ይወጥሩታል፣ አንዱም ብሎን አይጎተትም። ገመዳቸው አጭር ይሁን፣ የጀልባውን ገላ እንዳይደበድቡት። ውሃ በሚበርድበት ወቅት ደግሞ እስከ አፋቸው አትሙሏቸው፤ ወደ በረዶ ሲለወጥ ስለሚሰፋ ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል።