የታዳሚን የባቡር መስመር በሁለት ቀን እንዴት እንደምትጓዙ

ጃፓን ሄዶ በሺንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡራቸው፣ ያልተፈተለከ የለም። እኔ የምመክራችሁ ግን ቀርፋፋውን ባቡር ነው። የታዳሚ መስመር ፉኩሺማ ውስጥ ካለችው አይዙ-ዋካማትሱ ተነስቶ ኒጋታ ውስጥ እስካለችው ኮይዴ 135 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንድ ሁለት ፉርጎ ብቻ ያለው የናፍጣ ባቡር የታዳሚን ወንዝ ወዲያ ወዲህ እየተሻገረ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በጁላይ 2011 ጎርፍ ድልድዮቹን ወስዶ ከአይዙ-ካዋጉቺ እስከ ታዳሚ ያለው ክፍል ተዘግቶ ነበር። የተከፈተው ኦክቶበር 1 ቀን 2022 ስለሆነ፣ “መሀሉን በአውቶቡስ ነው” የሚል የቆየ መረጃ ካገኛችሁ እለፉት።

1. ወሩን ምረጡ። ቅጠሉ የሚቀላው ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው። ክረምታቸውም ያምራል፤ ግን በረዶው ባቡሩን ሊያስቆመው ስለሚችል በማግስቱ አውሮፕላን ያለው ሰው አይሞክረው።

2. ከባቡሩ ሰዓት ተነሱ፣ ሆቴሉ ይቆይ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው ባቡር በቀን ሦስት ብቻ ነው፤ ከአይዙ-ዋካማትሱ 6፡00፣ 13፡00 እና 17፡00 አካባቢ ይነሳል። የ17፡00ውን ከሐሳባችሁ አውጡት፤ በመከር ወቅት ጨለማ ውስጥ መጓዝ ነው።

አሁን ልብ በሉ፤ ሰሌዳው የፈረንጅ ሰዓት ነው። 6፡00 ማለት በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ 13፡00 ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት። ይህን ማን ያጣዋል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ማታ ለጓደኛዬ “ባቡራችን 6 ሰዓት ነው” ብዬው ወደየክፍላችን ገባን። እሱ በሐበሻ ሰዓት ተረድቶት ለጥ ብሎ ተኝቷል፤ እኔ ጣቢያ ቆሜ ስደውል ባቡሩ ሄደ። በ13፡00ው ተሳፈርን፤ ለፎቶ የጓጓንለት የመጀመሪያው የታዳሚ ድልድይ አካባቢ ግን መውረድ አልቻልንም፣ ወርደን ቢሆን ቀጣዩ የሚመጣው ከመሸ ነው። ኖቬምበር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከታዳሚ በኋላ መስኮቱ ያሳየን የራሳችንን ፊት ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰዓቱን ከነ“ንጋት”ና “ከሰዓት” ጻፉት፣ አብሯችሁ የሚሄደውንም መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ።

የጠዋቱን ያዙ። መሀል ላይ መውረድ ከፈለጋችሁ ግን የሚቀጥለውን ባቡር ሰዓት ሳታዩ እግራችሁን ከፉርጎው አታውጡ።

3. መንገዱ፦ ከቶኪዮ በሺንካንሰን ኮሪያማ፣ ከዚያ በባንኤትሱ ምዕራብ መስመር አይዙ-ዋካማትሱ፣ እዚያው ማደር። በማግስቱ በታዳሚ መስመር እስከ ኮይዴ፣ ከኮይዴ ወደ ኡራሳ፣ ከኡራሳ በሌላ ሺንካንሰን ቶኪዮ። በሄዱበት መመለስ የለም።

4. ለመላው ጃፓን የሚሸጠውን የሰባት ቀን ፓስ (በቀኖቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚያሳፍረውን የባቡር ትኬት) ለዚህች ጉዞ ብላችሁ አትግዙ። በኦክቶበር 2023 ከ29,650 የን ወደ 50,000 ከዘለለ ወዲህ ለሁለት ቀን ሰው ኪሳራ ነው።

5. የወረቀት ትኬት ግዙ። ቶኪዮ ላይ እያስነኩ የሚያልፉበት ሱይካ ካርድ አብዛኞቹ የገጠር ጣቢያዎች ላይ አይሠራም። ሠራተኛ ከሌለበት ጣቢያ ከተሳፈራችሁ፣ በሩ አጠገብ ካለው ማሽን ቁጥር ያለባትን ወረቀት ውሰዱ። ስትወርዱ ከሹፌሩ በላይ ያለው ሰሌዳ በቁጥራችሁ ስር ሒሳቡን ያሳያል፤ ገንዘቡን ከወረቀቷ ጋር ሣጥኑ ውስጥ መጨመር ነው። ሳንቲምና ባለ 1,000 የን ይኑራችሁ፤ ትልልቁን ብር የሚዘረዝርላችሁ የለም። በሩም ብዙ ጊዜ ቁልፍ ካልተጫኑት አይከፈትም።

6. ምግብ ከከተማ ይዛችሁ ውጡ፤ ባቡሩ ላይ የሚሸጥ የለም። የአይዙ ስም ያለው ካትሱዶን ሩዝ ላይ የሚደረግ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው። ጿሚ ከሆናችሁ የሶባው (የጃፓን ኑድል) መረቅም አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ስለሚሠራ፣ ጎምዛዛ ኡሜቦሺ (በጨው የተዘፈዘፈ ፍሬ) የገባበት ኦኒጊሪ፣ ማለትም የተድበለበለ ሩዝ፣ ይሻላችኋል። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት ያዙ።