ጀሪካኑ ሲያብጥ፣ ሲያፈስ፣ ሲሰነጠቅ፦ አደገኛ ፈሳሽ ለሚያጓጉዙ

ሆዱ ተነፍቶ ይመጣል። ከጅቡቲ የተጫነ ጀሪካን መርካቶ ሲራገፍ ቢያብጥ ሁልጊዜ ኬሚካሉ ተበላሽቶ አይደለም። ወደቡ ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ባላት አዲስ አበባ 76 አካባቢ ነው። ታች የታሸገው አየር እዚህ ሲደርስ ጎኑን ይገፋል። እዚህ ታሽጎ ቁልቁል የሚወርደው ደግሞ ወደ ውስጥ ይመጠጣል።

በእጅ ሲነኩት የሚሞቅ ከሆነ አይክፈቱት፤ ከሰውና ከሌላ ዕቃ ያርቁት። ካልሞቀ መነጽርና የአሲድ ጓንት አድርገው፣ አየር እንደልብ በሚገባበት ቦታ፣ ጀሪካኑን አቁመው ክዳኑን በጥቂቱ ያላሉት። ሲተነፍስ መልሰው ያጥብቁና ይደር። ጠዋት ደህና ከሆነ የከፍታ ጉዳይ ነበር። ዳግም ካበጠ ፈሳሹ ራሱ ጋዝ እየሰጠ ነው፤ በረኪናና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ኦክስጅን ይለቃሉ። ለነሱ ማስተንፈሻ ያለው ክዳን ያድርጉ፣ ሲጭኑም አያጋድሟቸው።

ክዳኑ ሥር ይረጥባል። ሁሉም ማጥበቅ ላይ ይረባረባል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አሞላሉ ላይ ነው። አልኮል በየ10 ዲግሪው ከ1 በመቶ በላይ ይሰፋል። በ10 ዲግሪ ብርድ የተሞላ አልኮል አፋር ሙቀት ውስጥ ሲገባ ቦታ ይጠበዋል። የተባበሩት መንግሥታት (ዩኤን) የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ ደንብ በ55 ዲግሪም ቢሆን ዕቃው ጢም እንዳይል ነው፤ ስለዚህ እስከ አፉ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ከ19 ሊትር አይለፉ። የደረቀ የክዳን ጎማ ይቀየር። ከዚያ በክዳኑ በኩል 20 ኪሎፓስካል አየር ሰጥተው 5 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይያዙት፤ አረፋ ከወጣ ወድቋል።

በሙከራ ያልፋል፣ መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። ሰልፈሪክ አሲድ የሚጫንበትን ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ከ1.2 ሜትር መጣል ሙከራ አይባልም። የአሲዱ እፍግታ (ከእኩል መጠን ውሃ አንጻር ክብደቱ) 1.84 ስለሆነ፣ በውሃ ሲሞከር ከፍታው 1.9 ሜትር ይሆናል። ፕላስቲክ በብርድ ስለሚሰባበር ናሙናው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው እንዳይረጋ አንቲፍሪዝ ይጨመርበታል። መጀመሪያ በታችኛው ጠርዝ በሰያፍ፣ ቀጥሎ በደካማው ቦታ፣ ለምሳሌ በክዳኑ፣ ይጣላል። ሲገዙ «ዋይ1.9» (Y1.9) የሚል የዩኤን ምልክት ይፈልጉ፣ ዋይ ለመካከለኛና ለዝቅተኛ አደጋ መፈተኑን፣ 1.9 ደግሞ የሚችለውን እፍግታ ያሳያል፤ ከተመረተ 5 ዓመት ያለፈውን አይውሰዱ። ቢጫው የዘይት ጀሪካን ለዚህ ሥራ አልተሞከረም፤ ርካሽ ነው፣ እሱ ብቻ።

ካርቶኑ ይጨሳል። የናይትሪክ አሲድ ጠርሙስ ዙሪያ ሳጋቱራ ተጠቅጥቆ ይሆናል። አሲዱ ከነካው ይነዳል። በቨርሚኩላይት፣ ማለትም በማይነድና ፈሳሽ በሚመጥ ማዕድን፣ ይተኩት፤ መጠኑም ጠርሙሱ ቢሰበር ፈሳሹን በሙሉ የሚመጥ ይሁን።