ለትራክ ሶው ሁለት ሬይል ቀጥ አድርጎ ማገናኘት

ሙሉ ፕላይውድ ርዝመቱ 2440 ሚሊ ነው፣ ብዙዎቻችን እጅ ያለው ሬይል (ትራክ ሶው የሚባለው መጋዝ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ቀጥ ብሎ የሚቆርጥበት የአሉሚኒየም ሀዲድ) ግን 1400 ስለሆነ ሁለቱን መቀጠል ግድ ነው፣ እና መጋጠሚያው ላይ ፀጉር ታህል ከታጠፈ ቆረጣው በሙሉ ይንሻፈፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጫፍና ጫፉን አጥብቆ ሲያጋጥም ነው። የሬይል ጫፍ ሁሌ ልክ 90 ዲግሪ ተቆርጦ አይመጣም፣ ካነካካችሁት ያቺ ስህተት ሬይሉን ታጣምመዋለች፣ ስለዚህ 1 ወይ 2 ሚሊ ክፍተት ተዉ፣ መጋዙ ሲያልፍባት ምንም አይሰማውም።

ሬይሎቹን ለጥ ያለ ነገር ላይ አስተኙና በሬይሉ ቦይ የሚገቡትን ማገናኛ ዘንጎች ግማሻቸውን በአንዱ፣ ግማሻቸውን በሌላው ሬይል አስገቡ፣ ብሎኖቹን ገና አታጥብቁ። ከዛ ረጅም ውሃ ልክ ወይ ቀጥ መሆኑን የምታምኑት አሉሚኒየም የሬይሉ ጀርባ ጠርዝ ላይ አስደግፉ፣ መጋዙ በሚቆርጥበት በኩል ያለው የጎማ ጠርዝ ላይ ግን በፍፁም፣ ጎማ ስለሚጨመቅ ያታልላችኋል። ብርሃን የሚያሳልፍበት ቦታ ከሌለ ብሎኖቹን በየተራ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ፣ በጉልበት ካጠበቃችሁ አሉሚኒየሙ ያብጣል።

እኔ ሳልፈትሽ አልቆርጥም። በጀርባው ጠርዝ በኩል በሹል እርሳስ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር አስምሩ፣ ሬይሉን አዙራችሁ ከመስመሩ ማዶ አድርጉና ያንኑ ጠርዝ ሁለቱ ጫፎች ላይ ገጥማችሁ እንደገና አስምሩ። መሀል ላይ ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ የምታዩት ክፍተት የስህተቱ እጥፍ ነው፣ ፈታ አድርጋችሁ እንደገና።

ስታነሱት አንድ ጫፍ ብቻ ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ያጠበቃችሁት ሊላላ ይችላል።