ምንጣፉ ታጥቦም አልጸዳ ካላችሁ

መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ እወቁ። ከጠርዙ አንዲት ክር ምዘዙና ውጭ ወጥታችሁ በክብሪት ለኩሷት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተታችሁ፣ አመዱም በጣት ሲጫኑት ከደቀቀ ሱፍ ነው፤ እንደ ደብረ ብርሃኑ የበግ ፀጉር ስጋጃ። ቀልጦ ጠጣር እንክብል ከሠራ ግን ሰው ሠራሽ ነው። መፍትሄው እንደ ክሩ ይለያያል።

በሳምንቱ ተመልሶ ይቆሽሻል

እኔ ራሴ የሠራሁት ጥፋት ነው። የሳሎኑን ምንጣፍ ግቢ ዘረጋሁና ዱቄት ሳሙና ሳልሰስት በትኜ፣ በእግሬ እየረገጥኩ አጠብኩት። ምን ያህል እንደኮራሁ! በሦስተኛው ቀን ካልሲዬ ይጣበቅበት ጀመር።

ሳሙናው አልወጣም ነበር። ውስጡ የቀረ ሳሙና አቧራውን እየሳበ ይይዛል። ለማረጋገጥ ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ እሹት፤ አረፋ ካወጣ ነገሩ ያው ነው። ሌላ ሳሙና እንዳትጨምሩ! በንጹህ ውሃ ብቻ እያጠባችሁ፣ በወለል ውሃ መግፊያ ጎማ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ግፉት። የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል አታቁሙ። ከዚያ ሳታጥፉ አስጡት።

ሱፍ ከሆነ ዱቄት ሳሙናም በረኪናም አይቅረበው። በረኪና ሱፍን ያሟሟል። ሙቅ ውሃና ፍትጊያም ያኮማትሩታል። ቀዝቃዛ ውሃና ጥቂት የፀጉር ሻምፖ ይበቃዋል።

ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል

ገልብጡት። የሲሚንቶ ወለል በክረምት ከሥር እርጥበት ያወጣል፤ መውጫ ሲያጣ እዚያው ይታመቃል። ሌላው ሰበብ ቀጤማ ነው። ያለ ቀጤማ በዓል በዓል አይመስለኝም፣ ግን እርጥቡን ምንጣፍ ላይ ጎዝጉዞ ማሳደር ሽታ መጋበዝ ነው። ባዶው ወለል ላይ ጎዝጉዙት፣ ወይ ማታውኑ ጥረጉት። የሸተተውን በጀርባው በኩል ፀሐይ ላይ አውሉት፤ ወለሉም ሳይደርቅ አትመልሱት።

ቡና ፈሰሰበት

አትሹት፣ ይሰፋል። በደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ አስመጥጡት። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ከዳር ወደ መሀል ድገሙት።

ከከሰሉ ፍም ወደቀበት

ሱፍ ከሆነ የጠቆረውን ጫፍ በመቀስ መከርከም ነው። ሰው ሠራሹ ቀልጧል፤ አይድንም። ረከቦቱን እዚያ ላይ አስቀምጡበት።

ከሶፋው ሥር ፀጉሩ ተበልቷል

ብል ነው፤ ሱፍ ላይ የሚመጣ። የምትበላው የምትበረዋ ሳትሆን ትሏ ናት። ጨለማና ሰው የማይረግጠው ቦታ ትወዳለች። ሶፋውን አንሱ፣ ፊትና ጀርባውን በደንብ ቦርሹ፣ አራግፉና ፀሐይ አስመቱት። በየወሩ አንዴ ሶፋውን ማንሳት ከለመዳችሁ ተመልሳ ለመራባት ፋታ አታገኝም። የተበላው ግን አይበቅልም። ራሰ በራው ወገን ተመልሶ ከሶፋው ሥር ይግባ፣ እንግዳ አያየውም።